አርባ ሺህ ሊትር በድምፅ ብልጫ

«ጥያቄ ሰባት ላይ አርባ ሺህ ሊትር ነው የምትሉ እጃችሁን አውጡ» አለች የኦቲሊያ እናት።

እጆች ወጡ። ጉባኤው የተሰበሰበው የቅርጫት ኳስ ሜዳው ላይ ነው። ሰዉ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ፣ ከየቤቱ ባመጣው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሁሉም ማስክ አድርጓል፤ ግማሹ አፉ ላይ፣ ግማሹ አገጩ ላይ። መጀመሪያ የላይኛው ሰፈር እጅ ወጣ፣ ከዚያ የመካከለኛው። የታችኛው ሰፈር ትንሽ ዘገየና እሱም ወጣ።

«ተቃውሞ?»

የለም።

«ድምፀ ተዓቅቦ?»

አንድ አዛውንት ብቻ እጃቸውን አላወጡም። እንቅልፍ ወስዷቸው ነው።

«እንግዲህ ጥያቄ ሰባት በአንድ ድምፀ ተዓቅቦ አርባ ሺህ ሆኖ ጸድቋል። ጥያቄ ስምንት ስለ ፎቶሲንተሲስ ነው። ስለ ፎቶሲንተሲስ የሚያውቅ?»

«የቡናውን ነው የበቆሎውን?» አለ አንዱ ከኋላ።

ኦቲሊያ ከሜዳው ውጭ፣ ዝቅ ያለው የድንጋይ አጥር ላይ ከፋውስቶ ጋር ተቀምጣ ነበር። ሁለቱም ዘጠነኛ ክፍል ናቸው፤ ዕድሜያቸው ለጉባኤ አልደረሰም። የቤት ሥራው የእነሱ ነው፤ ድምፁ ግን የወላጆቻቸው።

«ሃያ ስምንት ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«የታንከሩ። ሃያ ስምንት ሺህ ገደማ ነው። አርባ አይሆንም።»

ፋውስቶ ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያ ወደ ሜዳው ተመለሰ። «አንቺ ደግሞ ምን ነካሽ?» አለ። «ጸድቋል'ኮ።»

በሽታው የመጣ ጊዜ መንደራቸው ሳን ሜልቾር መግቢያዋ ላይ ሰንሰለት ዘረጋች። ውጭ የነበረ ውጭ ቀረ፤ የኦቲሊያ አባትም ከተማ ዳቦ ሲጋግር እዚያው ቀረ። ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። ትምህርት በቴሌቪዥን ይሰጣል ተባለ፤ ተራራው ግን ከዝናብ በቀር ከሰማይ የሚቀበለው ነገር የለም። በስልክ ይሁን ተባለ። ኔትወርክ የሚገኘው መቃብር ቦታው አናት ላይ ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ሁለት ቀን መቃብር ላይ ተደርድረው ተማሩ። በሦስተኛው ቀን የሟች ቤተሰቦች ቅሬታ አቀረቡ።

ስለዚህ መምህር ኤሪቤርቶ ሰኞ ሰኞ በሞተር እየመጣ ወርክሺት ሰንሰለቱ ላይ ማስረከብ ጀመረ። ተረኛው ጠባቂ ወረቀቱን ተቀብሎ፣ በሽታ እንዳይገባ ብሎ፣ በረኪና ይረጨዋል። ሰኞ ከሰዓት በኋላ በየግቢው የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ፣ ከሱሪና ከካልሲ ጎን፣ የሒሳብ ጥያቄዎች በመቆንጠጫ ተይዘው ሲደርቁ ይታያሉ።

የኦቲሊያ እናት ክሬሴንሲያ የትምህርት ቤቱ የወላጆች ኮሚቴ ሊቀመንበር ለመሆን አስባ አታውቅም። ሳን ሜልቾር ውስጥ ሹመትን ሰው አይፈልገውም፤ ሹመቱ ነው ሰው የሚፈልገው። የተመረጠች ቀን ሽንት ቤት ሄዳ ነበር። ስትመለስ ሰዉ እያጨበጨበ ነው። ደመወዝ የለውም፣ እምቢ ማለትም አይቻልም።

ቤት ለቤት ዞራ ስታይ ግን ነገሩ አሳሰባት። የፋውስቶ እናት ዶኛ ቶማሳ ወርክሺቱን እሳት ስታያይዝበት አገኘቻት። ንቃው አይደለም። ቤቱ ውስጥ ማንበብ የሚችለው ፋውስቶ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ አባቱ ከሰንሰለቱ ማዶ ስለቀረ ቀኑን ሙሉ በቆሎ ማሳ ላይ ነው። ክሬሴንሲያ ጉባኤ ጠርታ ተናገረች።

«መንገዱን በደቦ ሠራነው። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በደቦ ቀየርነው። ልጆቻችንን ግን እያንዳንዳችን በየጓዳችን ብቻችንን እናስተምር? ያልተማረው ከየት አምጥቶ?»

ሰዉ ተስማማ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማየት የሚያስደስት ነበር። ማንበብ የሚችል ሰው ማንበብ የማይችል ሰው በራፍ ላይ ቆሞ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፤ ልጆች ይጽፋሉ፤ አያቶችም ይሰማሉ። ከዚያ የዘር ጊዜ ደረሰ። ለማስረዳት አንድ ሰዓት የሚፈጀው፣ መልሱን ለመንገር አንድ ደቂቃ እንደሚበቃው ታወቀ። መንገድ ሲቆፈር አካፋ ላልያዘው ሌላው ይቆፍርለታል፤ የሒሳብ ጥያቄም እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻ በየእሁዱ ጉባኤ ተቀምጦ መልስ ማጽደቅ መጣ። መምህሩ ኩረጃ ሊለው ይችላል። ሳን ሜልቾር ግን ደቦ ነው የምትለው።

ጥያቄ ሰባት እንዲህ ይላል፦ በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ የውሃ ማጠራቀሚያ ለክታችሁ ስንት ሊትር እንደሚይዝ አስሉ። ለዚህ ማንም አልተጨነቀም። ከመንደሩ በላይ፣ ጉብታው ላይ ያለው የሲሚንቶ ታንከር ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም፣ በሰው ቁመት፣ «40,000 ሊትር» ተብሎ ተጽፏል። ከሩቅ የሚታይ ቁጥር ነው። ታንከሩን ያስገነቡትም፣ ቁጥሩን የጻፉትም የኦቲሊያ የክርስትና አባት ዶን ኤሌውቴሪዮ ናቸው። ጉባኤው ላይ ከወንበራቸው ተነሥተው «አምስት ሜትር በአራት ሜትር በሁለት ሜትር። ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ» ብለው ቁጭ አሉ። ሌላ ነገር ማለት አላስፈለጋቸውም።

ኦቲሊያ ግን ታንከሩ ውስጥ ገብታ ታውቃለች። በየወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ውሃው ፈስሶ ታንከሩ ይታጠባል፤ በጣሪያው ቀዳዳ የሚገቡት ቀጫጭን ልጆች ናቸው። ባለፈው ቀዳዳው አፍ ላይ ስትቀመጥ ግድግዳው እንደ አግዳሚ ወንበር ችሏታል። ወፍራም ነው። ወለሉም ወፍራም ነው። ዶን ኤሌውቴሪዮ የለኩት ከውጭ ነው። የግድግዳውንና የወለሉን ውፍረት በግምት ስትቀንስ ሃያ ስምንት ሺህ ገደማ መጣላት።

ማታ በቆሎ እየፈለፈሉ ነገሩን ለእናቷ አነሣች።

«እማ፣ ግድግዳው'ኮ ውሃ አይይዝም።»

«ግድግዳው ካልያዘው ማን ያዘው?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም። ከውጭ ነው የተለካው። ግድግዳውን ጨምረው ነው የቆጠሩት።»

ክሬሴንሲያ ጥርሷን ሁለት ቀን አሟት ነበር። ጉንጯን በእጇ ደግፋ ልጇን አየቻት። «በድምፅ አልፏል ኦቲሊያ።»

«ቁጥር በድምፅ አይወሰንም።»

«ከንቲባውም በድምፅ ነው የተወሰነው። ልክ ነው ወይ ብሎ የጠየቀ አለ?» በቆሎውን ወደ ቅርጫቱ ወረወረችው። «እንካ ስላንቲያ አትግጠሚኝ፣ ጥርሴን አሞኛል። ዶን ኤሌውቴሪዮ አንገትሽን ደግፈው ያስጠመቁሽ ሰው ናቸው። በሰው ፊት ተነሥቼ ተሳስተዋል ልበላቸው? ነገ ሌላ ጉባኤ ስጠራ ማን ይመጣል? ሰው ካልመጣ የቶማሳ ልጅ ምን ይሆናል?»

ኦቲሊያ ቅርጫቱን ሳብ አድርጋ ሌላ በቆሎ አነሣች።

ሰኞ የእናቷ ጉንጭ አብጦ ስላደረ ያለፈውን ሳምንት ሥራ ሰብስባ ሰንሰለቱ ዘንድ የወረደችው ኦቲሊያ ናት። ተረኛው ኒካኖር በረኪናው አልቆበት ሊበጠብጥ ወደ ወንዙ ሄዷል። መምህር ኤሪቤርቶ ከሰንሰለቱ ማዶ፣ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ የራስ ቁሩን ሳያወልቅ ጠበቃት።

«እናትሽስ?»

«ጥርሷን አሟት ነው መምህር።»

«እግዜር ይማራት። ስሚኝ፣ ከዚህ በፊት ያመጣችሁትን አርሜያለሁ።» ከቦርሳው አንድ እስር ወረቀት አወጣ። «አሥራ አንዳችሁም ጥያቄ አራትን ተሳስታችኋል። ይሁን። አሥራ አንዳችሁም በአንድ ዓይነት መንገድ ተሳስታችኋል። እሱም ይሁን። አሥራ አንዳችሁም ግን እዚያው ስህተት ላይ ስትደርሱ ሰርዛችሁ፣ እንደገና ያንኑ ስህተት ጽፋችኋል።»

ኦቲሊያ መሬት መሬት አየች። ያ ስርዝ የመጣው ጉባኤው ድጋሚ ድምፅ ስለሰጠ ነው።

«አልተቆጣሁም» አለ መምህሩ። ድምፁ የደከመ ሰው ድምፅ ነበር፤ በዚያ ተራራ ላይ የሚዞርበት ስድስት መንደር፣ ስድስት ሰንሰለት እንዳለበት ይታወቃል። «የሸለቆው አዳሪ ትምህርት ቤት ዘንድሮ ከናንተ አንድ ተማሪ ይቀበላል፤ ምግብም መኝታም በነፃ። ስም ላክ ብለውኛል። ማንን ልላክ? እኔ ጋ ያለው አሥራ አንድ ተማሪ ነው ወይስ አንድ ተማሪ አሥራ አንድ ጊዜ?»

«አብረን ነው የምንሠራው መምህር።»

«አውቃለሁ። ችግሩ እሱ ነው።» ሞተሩን አስነሣ። «ገና እጃችሁ ላይ ባለው የመጨረሻ ወርክሺት ጥያቄ ሰባት አለች። ራሱ ለክቶ ያሰላት ተማሪ ያስታውቃል። የሚመጣው ሰኞ እሷን አያለሁ። ራሱ የሠራ ሰው ካገኘሁ ስሙን እልካለሁ። የተገለበጠ ያመጣ ግን ዜሮ ነው፤ ዓመቱን ይደግማል። ከዚህ በላይ ዓይኔን ልጨፍንላችሁ አልችልም።»

ይህን ሲል የሚያየው እሷን ነበር። ማን እንደሚችል እንደሚያውቅ ገባት። ማድረግ ያለባት የራሷ ወረቀት ላይ ሃያ ስምንት ሺህ ብሎ መጻፍ ብቻ ነው። አሥሩ አርባ፣ አንዱ ሃያ ስምንት። መምህሩ ሌላ ነገር መጠየቅ አያስፈልገውም።

ፋውስቶን ያገኘችው ታችኛው ሰፈር ቧንቧ ላይ ነው፤ አራት ቢጫ ጄሪካን ደርድሮ ቆሟል። ዝናቡ እስኪገባ ውሃ የሚለቀቀው በየሰፈሩ በተራ ነው፤ መጀመሪያ ላይኛው፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ በመጨረሻ ታችኛው። ለላይኛውና ለመካከለኛው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ጉባኤው ታንከሩ ላይ ካለው ቁጥር ተነሥቶ ወስኗል። ለታችኛው የሚተርፈው ይበቃል ተብሏል።

ቧንቧው ሳለ፤ ትንሽ አየር ተፋና ዝም አለ።

«ደግሞ ጀመረው!» ብላ ጮኸች ዶኛ ቶማሳ ከቤት ውስጥ። «ባልዲ ሙሉ ሳላገኝ አባካኝ ሊሉኝ ነው!»

ኦቲሊያ መምህሩ ያለውን ነገረችው። ፋውስቶ አንዱን ጄሪካን ገልብጦ ተቀመጠበት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ያንቺን ጽፈሽ ሂጃ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ዜሮ። ዜሮ ይሻላል፣ ለመጻፍም አይከብድ፣ ክብ ነው።»

«አትቀልድ።»

«እየቀለድኩ አይደለም።» እውነትም አልሳቀም። «ሰንሰለቱ ከተዘጋ ጀምሮ ዘጠኝም አሥርም ከአሥር ነው የማመጣው። በሕይወቴ አምጥቼ አላውቅም። እማዬ ወረቀቶቹን ግድግዳው ላይ ለጥፋቸዋለች። ግን እውነቱን ልንገርሽ? ወርዱን በቁመቱ የምናባዛው ለምን እንደሆነ አላውቅም። ማንም አልነገረኝም። ሁሉም የሚነግሩኝ መልሱን ነው።»

ቧንቧው አንዴ ጠብ አደረገና ተወ።

«አንቺ ያልሽው ሃያ ስምንት» አለ ፋውስቶ ቆይቶ። «አርባ ካልሆነ፣ ቀሪው አሥራ ሁለት ሺህ የት ገባ?»

«የትም። መጀመሪያውንም አልነበረም።»

ቧንቧውን አየ። ባለፈው በጋ የታችኛው ሰፈር ውሃ በየጊዜው እያለቀ ሲያስቸግር፣ ጉባኤው ውሃ ታባክናለች ብሎ ዶኛ ቶማሳን ቀጥቷት ነበር፤ ሁለት ቀን ለመንገዱ ድንጋይ መሸከም። ቅጣቱ ለድምፅ ሲቀርብ ዶኛ ቶማሳ ራሷም እጇን አውጥታለች። ሁሉም ሲያወጣ አለማውጣት ደስ አይልም።

«እማዬ ድንጋይ የተሸከመችው» አለ ፋውስቶ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያሰላ ሰው፣ «ላልነበረ ውሃ ነዋ።»

ኦቲሊያ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀቷን ከገመዱ ላይ አላወረደችም። ሰባት ቁጥር ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ነበር፤ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል። እናቷ ባለፈች ባገደመች ቁጥር «ደርቋል'ኮ» ትላለች። «አውቃለሁ» ትላለች ኦቲሊያ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ክርስትና አባቷ ቤት ወጣች። ዶን ኤሌውቴሪዮ ግቢያቸው ውስጥ ለቱርክ ዶሮዎቻቸው በቆሎ እየበተኑ ነበር። የታንከሩ ቁልፍ እንደ ሁልጊዜው አንገታቸው ላይ፣ ከመስቀላቸው ጎን ተንጠልጥሏል። ሲታጠቡም እንደማያወልቁት ይነገራል።

«ነይ ልጄ። እናትሽ ጥርሷ እንዴት ሆነ?»

«ትንሽ ተሻላት አባባ።»

«ይነቀል በያት። የማይጠቅም ነገር አፍ ውስጥ ምን ይሠራል?» አሉ። እሳቸው ሦስት ጥርስ ነው የቀራቸው።

ኦቲሊያ መንገድ ላይ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ነበራት፤ አክብሮት የተሞላ፣ ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድ። አንዱም አልመጣላትም።

«ነገ ታንከሩ ሲደርቅ፣ መታጠብ ሳይጀመር፣ ልንለካው ፈልገን ነው። የዘጠነኛ ክፍል ልጆች።»

«ተለክቷል'ኮ።»

«ከውስጥ አባባ።»

አንዱ ቱርክ ጉሮሮውን ነፍቶ ጮኸ። ዶን ኤሌውቴሪዮ የቀረውን በቆሎ በትነው እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉ።

«መጀመሪያ ግድግዳው ስስ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ሠራነው፣ ደስ አለን፣ ቁጥሩን ጻፍኩበት፣ ጳጳሱ መጥተው ባረኩት። ጳጳሱ በሄዱ በሳምንቱ ተሰነጠቀ። ከውስጥ በኩል በድንጋይና በሲሚንቶ አወፈርነው። ወለሉንም እንዲሁ።»

«ቁጥሩስ?»

«ተባርኳል አልኩሽ'ኮ። የተባረከ ነገር ማን ይፍቃል?»

ኦቲሊያ ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን ስታይ ተወችው።

«የታችኛው ሰፈር ውሃ ሁልጊዜ ተራው ሳይሞላ ያልቃል አባባ» አለች።

«ያባክናሉ ይባላል።»

«አዎ፣ ይባላል።»

ዶን ኤሌውቴሪዮ ቁልፉን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ጉብታው አዩ። ሰማያዊው ቁጥር ከግቢያቸው ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ቤታቸውን እዚያ የሠሩት ለዚያ ይመስላል። «ሂጂ እስቲ፣ ይመሽብሻል» አሏት። ቁልፉን አልሰጧትም። አልሰጥም ግን አላሉም።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በዶኛ ሊብራዳ ደጃፍ ነው የሚያልፈው። ዶኛ ሊብራዳ የአሳማ ሥጋ ትሸጣለች፤ የመንደሩ ድምፅ ማጉያም ያለው እሷ ጣሪያ ላይ ነው። ማስታወቂያ ያለው ሁሉ ለእሷ ይነግራታል፤ እሷም ለመንደሩ።

ኦቲሊያ በሩ ላይ ቆመች። የራሷን ወረቀት አሰበች። ቤት ገብታ፣ ከገመዱ አውርዳ፣ ሁለት አኃዝ ብትጽፍ አለቀ። ማንንም አልሰደበችም፣ ማንንም አልጠየቀች፤ ሸለቆው ውስጥ አልጋና መጽሐፍ ይጠብቃታል። አሥሩ ልጆች ደግሞ ዓመቱን ይደግማሉ። ሁሉም ከለኩ ግን ሁሉም ያውቃሉ፤ ያኔ መምህሩ ማንን እንደሚልክ እሷ ልታውቅ አትችልም። ምናልባት እሷን። ምናልባት አይደለም።

«ትገቢያለሽ ወይስ ዝንብ ታስገቢብኛለሽ?» አለች ዶኛ ሊብራዳ።

ገባች።

ትንሽ ቆይቶ ድምፅ ማጉያው ጫጫ አለና የዶኛ ሊብራዳ ድምፅ ከላይኛው እስከ ታችኛው ሰፈር ተሰማ። «ዛሬ የታረደ የአሳማ ሥጋ አለ፣ ጮማውም አለ፣ ያልመጣ ነገ እንዳያማኝ። ቀጥሎ። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ነገ ጠዋት፣ መታጠቡ ሳይጀመር፣ ታንከሩ ዘንድ እንድትገኙ። ታንከሩን ትለካላችሁ። ከውስጥ። እያንዳንዱ የራሱን ወረቀትና እርሳስ ይያዝ። የጠራችው የክሬሴንሲያ ልጅ ኦቲሊያ ናት። እኔ የለሁበትም፣ አንባቢ ነኝ።»

ኦቲሊያ ቤት ስትደርስ እናቷ ጉንጯን በፎጣ አስራ ግቢው መሃል ቆማ ነበር።

«ጉባኤ ሳይወስን?»

«ውሳኔ አይደለም እማ። ማስታወቂያ ነው።»

ክሬሴንሲያ ፎጣውን አስተካከለች። ተናደደች እንዳትባል ተረጋግታለች፤ ተረጋጋች እንዳትባል ትንፋሿ ይሰማል። «ዶን ኤሌውቴሪዮስ?»

«መጀመሪያ የሄድኩት እሳቸው ጋ ነው።»

«ምን አሉሽ?»

«ይመሽብሻል አሉኝ።»

እናቷ ወደ ማስጫው ሄዳ ልብሱን አወረደች፣ ሱሪውን፣ ካልሲውን፣ በመጨረሻም ባዶውን ወረቀት። ገመዱን ከሁለቱም ዛፎች ፈታችው።

«ደቦ ተጠርቶ ሊቀመንበሯ ብትቀር ትቀጣለች» አለች ገመዱን እየጠቀለለች። «ያውም ድንጋይ ነው የሚያሸክሙት። በምን ልትለኩት ነው፣ በስንዝር? ያዥ።»

ቅዳሜ ጠዋት ጉብታው ላይ ልጆቹ ቀድመው ደረሱ። ከአሥራ አንዱ የመጡት ዘጠኙ ናቸው፤ ሁለቱን እናታቸው ከልክላቸዋለች። ታችኛው ሰፈር ግን ልጅ ያለውም የሌለውም መጥቶ፣ ሁለት ሁለት ሜትር ተራርቆ፣ ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ዶኛ ቶማሳ ከሁሉም ፊት ናት።

ታንከሩ ደርቋል። ዶን ኤሌውቴሪዮ ጣሪያው ላይ፣ የብረት ክዳኑ ላይ ተቀምጠዋል። ከማንም ቀድመው ነው የመጡት። ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው።

ኦቲሊያ ገመዱን ይዛ መሰላሉን ወጣችና ፊታቸው ቆመች።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሏት።

«ገመድ ነው አባባ። መለኪያ።»

«ገመድ ይለጠጣል» አሉ በንቀት። «በገመድ የሚለካ ማን አስተማረሽ?» እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው አሮጌውን የብረት ሜትራቸውን አወጡ። ያኔ ከውጭ የለኩበት ራሱ ነው። ከዚያ ብድግ ብለው፣ ጎንበስ ብለው፣ ቁልፉን ከአንገታቸው ሳያወልቁ ክዳኑን ከፈቱት። «ውስጡ ይጨልማል። ባትሪ ይዛችኋል?»

መጀመሪያ የገባው ፋውስቶ ነው። ከመግባቱ በፊት ኦቲሊያ ጎትታ አስቀምጣው ነበር። «ወለሉን በጄሪካን ሸፍነው እንበል፣ ባዶ ቦታ ሳይቀር። በዚህ ጎን ስንት ተደረደረ፣ በዚያ ጎንስ ስንት ረድፍ አለ? አሁን በላዩ ላይ ሌላ ደርብበት። ከዚያ ሌላ። እስከ አፉ።» ፋውስቶ ዓይኑን ጨፍኖ ጄሪካኖቹን ደረደረ፤ በሕይወቱ ከተሸከማቸው በላይ። ከዚያ ዓይኑን ገለጠ። «እና ለዚህ ነው የሚባዛው?» አለ። «በቃ? ይኸው ነው?» የተታለለ ሰው ይመስል ነበር።

የልብስ ማስጫውን ገመድ ወገቡ ላይ አስረው አወረዱት። ሜትሩን በአንድ እጁ፣ ባትሪውን በአፉ፣ ወረቀቱንና እርሳሱን በኪሱ ይዟል። ዶን ኤሌውቴሪዮ ገመዱን ከላይ ያዙ። ክሬሴንሲያ ከኋላቸው ቆማ ጉንጯን ደግፋለች። ከታች ጭቃ ሲረገጥ ይሰማል፣ ቀጥሎም የብረት ሜትሩ ግድግዳ ሲነካ።

ቆይቶ ከጨለማው ውስጥ የፋውስቶ ድምፅ እያስተጋባ መጣ።

«ኦቲሊያ! የረጅሙ ጎን አራት ሜትር ከ...»

«አትንገረኝ!» አለች ቀዳዳው ላይ ጎንበስ ብላ።

«ምን?»

«እኔ ቀጥዬ እገባለሁ። አንተ የራስህ ወረቀት ላይ ጻፈው።»

ከታች እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሄድ ተሰማ። ዶን ኤሌውቴሪዮም ሰሙት፤ ገመዱን ትንሽ ላላ አደረጉለት።